ዓይን አውጣ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ቦሩ ሜዳ፣ ዓይን ክፍል፣
ስንቱን ቆብ ስገለብጥ፣ ስንቱን ጠብታ ሳድል፣
አንድም ቀን አልገጠመኝ እንዲህ ያለ ጥሪ፦
«ሲስተር ጦይባ፣ በአላህ፣ ዓሣዬን መርምሪ፤
ዓይኑ ሊፈርጥ ነው።
የከብት ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ነበር፣
‘ቀንድ የለውም’ ብለው ሸኙኝ።»

ይመር ነው የደወለው፣ አራዳ ጸጉር ቤት ያለው።
ልጁ ኑርዬ፣ የአባዱላ ረዳቱ፣
ውሃ በሞላ ላስቲክ፣ አቅፎ በደረቱ፣
ጣርማ በርን አሻግሮ ያመጣለት ዓሣ፤
መብራት ሄዶ ማታ የጦሳ ብርድ ሲነሣ፣
ይመር የገዛ ጋቢውን ለሣጥኑ የሚያለብስለት።

ስገባ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ሐኪም ሆኗል።
ጋሼ እንድሪስ፣ ግማሽ ፊታቸው በአረፋ ተሸፍኗል፣
«የሰው ዓይን ነው» አሉ፤ «ገብቶ ያላደነቀው ማን አለ?
ዓይን ነው ዓይኑን የበላው።» ሌላው ተቀበለ፤
«ጤናዳም ጨምቁበት»፣ «የለም፣ ነጭ ሽንኩርት»…
አንዱ ጎረምሳ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል፦
«ስም አውጡለት በቃ። ዓይን አውጣ እንበለው!»

ቤቱ ሳቀ።
ይመር ብቻ ምላጩን አጥፎ ከጎኔ ተንበረከከ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት።
አውራ ጣቴን የሚያህል፣ ወርቅማ፣
ግራ ዓይኑ እንደ በሰለ ቀጋ ተወጥሮ፣
ነጭ ጭጋግ ዞሮት፤
ቀኙ ግን ጥርት ያለ፣ እንደ አዲስ ሸሚዝ ቁልፍ ጥቁር።
«ሁለቱም ቢያብጡ ኖሮ፣ ጥፋቱ የውሃው ነበር፤
አንዱ ብቻ ሲሆን ግን፣ የተጋጨው ነገር አለ፣ ይመር።»
ዞር ብዬ አየሁ፦ ከግድግዳ ግድግዳ መስታወት።
ለካ ቀኑን ሙሉ ባላጋራ ታይቶት፣
ያን ሌላ ዓሣ ሊጥል ሲንደረደር፣ ብርጭቆ ሲወጋ፣
የወጋው የራሱን ዓይን ነው፤ ሲመሽም፣ ሲነጋ።

«በዚህ በኩል ጋዜጣ ለጥፍ።
ውሃ ቀድተህ አሳድር፣ የቧንቧው መድኃኒት ይብነንለት፤
በየቀኑ ሩቡን ብቻ ቀይር፤ ሙሉውን እንዳትገለብጥበት።
የእንግሊዝ ጨው ግዛ፣ የወጡን አይደለም፣
ለአንድ ጀሪካን አንድ የሻይ ማንኪያ፤ ከዚያ አይበልጥም።
አብሽር።»

ይህን እያልሁ እጄ፣ ልማድ ሆኖበት፣ ቆብ ፈለገ።
ዓሣ የዓይን ቆብ የለውም።
እኛ ሲያመን ጨፍነን እናቃስታለን፤
እሱ ሕመሙን ዓይኑን ገልጦ፣
እያየው ይታመማል።

ጎረምሳው ሮጦ ጨውን ከፋርማሲ አመጣ።
ይመር ጥቅሉን ሰጠኝ፤ «አንብቢልን፣ ስሕተት እንዳይመጣ።»
ራቅ አደረግሁት።
አቀረብሁት።
ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ዞርሁ።
ፊደሉ ወተት ውስጥ የወደቀ ጉንዳን።
«መነጽሬን ረስቼ» አልሁ።
መነጽሬ አናቴ ላይ ነበር።
ማንም አልሳቀ። ጎረምሳው ቀስ ብሎ ተቀበለኝና አነበበ፤
ይመር በመስታወቱ ውስጥ አንዴ ዓይኔን፣ አንዴ ዓሣውን አየና
ምንም ሳይናገር አሰበ።

በሰባተኛው ቀን ደወለ።
«እብጠቱ ጎደለ፤ ጭጋጉ ትንሽ ቀርቷል፤
በቀኙ እያየ ይበላል። ስሙም ጸንቶለታል።»
«አልሐምዱሊላህ» ብዬ ልዘጋ ስል፦
«ሲስተር፣ ቆይ፤
ሐሙስ ቦሩ ሜዳ ወረፋ ይዤልሻለሁ፣ የሞራ ሐኪሙ ጋ።
የምወስድሽ እኔ ነኝ፣ ጸጉር ቤቱን ዘግቼ፣ ገና ሳይነጋ።»

«ዓይን አውጣ!» አልሁት።
ስልኩን ዘጋሁ።
ከቀን መቁጠሪያው ላይ ሐሙስን ፈለግሁ፣
በጣቴ ዳብሼ፣ ቆጥሬ፣
ከበብሁት፤
በትልቁ።